«ያንተ ስንዝር ትልቅ ነዋ!»፦ ከክንድ እስከ ሜትር

ለጥምቀት ጥቂት ቀን ሲቀረው ጎንደር፣ ቀሐ፣ እህቴ ቤት ነበርኩ። ከወንዙ ውሃ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚለቀቅበት ሰሞን ስለሆነ ሰፈሩ ሞቅ ብሏል። የእህቴ ልጅ ግን የቤት ሥራዋ ላይ አቀርቅራለች። አራተኛ ክፍል ናት። ደብተሯን ዞር አድርጌ ሳየው እንዲህ ይላል፦ 3 ሜትር = 0.03 ሴንቲ ሜትር።

«ለምን አካፈልሽ?» አልኳት።

«ሴንቲ ሜትር ትንሽ ነዋ፣ ጋሼ! ትንሽ ከሆነ ቁጥሩም ማነስ አለበት።»

እስቲ አስቡት፤ መልሱ ስህተት ነው፣ ምክንያቱ ግን የሞኝ አይደለም። እኔም በእሷ ዕድሜ «ወደ ትንሽ ስትሄድ አባዛ፣ ወደ ትልቅ ስትሄድ አካፍል» የሚለውን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ፤ ፈተና ላይ ግን የቱ የቱ እንደነበር ይጠፋብኝ ነበር። ስለዚህ ደብተሩን ዘጋነውና በረንዳው ላይ ያለውን አግዳሚ በስንዝር ለካነው። በእሷ 11 ስንዝር ሆነ። በእኔ 7። አግዳሚው አላጠረም፣ አልረዘመም። ትንሽ ዝም አለችና «ያንተ ስንዝር ትልቅ ነዋ! ቶሎ ይጨርሰዋል» አለች።

የርዝመት መለኪያን ከአንዱ ወደ ሌላው የመቀየር ምስጢሩ ይኸው ነው፤ መለኪያው ሲያንስ ቁጥሩ ይበዛል። በኋላ በሜትር ስንለካው የእሷ ስንዝር 14 ሴንቲ ሜትር፣ የእኔ 22 ሆነ። 11 ጊዜ 14 ስንት ነው? 7 ጊዜ 22ስ? አስሉት፤ አግዳሚው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ታገኙታላችሁ።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያለ ደብተር ያውቁት ነበር፤ መለኪያቸውን ይዘውት ነው የሚዞሩት። አራት ጣት ጎን ለጎን ሲሆን ጋት ነው። እጅ ተዘርግቶ ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ስንዝር፤ ከክርን እስከ መሃል ጣት ጫፍ ደግሞ ክንድ። ሁለት ስንዝር አንድ ክንድ ነው ይባላል። እኔ ራሴን ስለካ ክንዴ 46 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ስንዝሬ ግን 44። እናንተም ሞክሩት፣ ምናልባት የእናንተ ይገጥም ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የጎልያድ ቁመት 6 ክንድ ከ1 ስንዝር መሆኑን ታስታውሳላችሁ? ይኸውላችሁ የመቀየር ጥያቄ፦ 6 ክንድ 12 ስንዝር ነው፣ አንዷን ስንጨምር 13 ስንዝር። ክንዱን ግማሽ ሜትር ብንለው ሰውዬው ሦስት ሜትር ከሩብ ሊሆን ነው።

ችግሩ የሚመጣው «የማን ክንድ?» ሲባል ነው። አያቴ ጨርቅ በክንድ ሲሸጥ ደርሳበታለች። ገበያ ስትሄድ ሎጋውን ወንድሟን አስከትላ እንደነበር እየሳቀች ትነግረን ነበር፤ ሻጩም ነቄ ነው፣ በራሴ ክንድ ካልሆነ አልሸጥም ይላል። የጨርቁ ነገር በሳቅ ያልፋል። ወደ መሬት ሲመጣ ግን ሳቁ ያበቃል።

መሬት የሚለካው በቀላድ ነበር። ቀላድ የመለኪያ ገመድ ነው፤ ርዝመቱ 133 ክንድ ያህል ሆኖ ተመዝግቧል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአገሪቱ ግዛት ወደ ደቡብ ሲሰፋ የብዙ አካባቢ መሬት በዚህ ገመድ ተለካ። ከተለካው ላይ ከፊሉ ለአካባቢው ባላባት ሲተው፣ ቀሪው ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተደለደለ፤ ብዙ ገበሬም በአያቱ እርሻ ላይ ጭሰኛ ሆነ። «ቀላድ ተጣለ» ማለት ለእነዚያ ሰዎች የሒሳብ ወሬ አልነበረም።

አሁን እንደ መሐንዲስ ላስላላችሁ። 133 ክንድ ባለ 45 ሴንቲ ሜትር ክንድ ባለው ሰው ቢለካ ገመዱ 59.85 ሜትር ይሆናል። 52 ሴንቲ ሜትር ክንድ ባለው ሰው ቢለካ 69.16 ሜትር። ልዩነቱ ከ9 ሜትር በላይ ነው፣ ለአንድ ገመድ ብቻ። በዚያ ላይ መሬት በወርድም በቁመትም ነው የሚለካው። በአጭሩ ገመድ 10 ቀላድ በ10 ቀላድ የሆነ መሬት 35.8 ሄክታር ገደማ ነው፤ በረጅሙ ግን 47.8 ሄክታር። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም «10 በ10» ተብለው ይጻፋሉ። 12 ሄክታር የት ገባ? የሰባት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ውስጥ!

እዚህ እኛ ዘንድስ? ጎንደር ያኔ የበጌምድር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። በበጌምድርና በጎጃም መሬቱ በአብዛኛው ርስት ነው፤ ከአንድ አቅኚ አባት ወይም እናት የሚወለዱ ሁሉ ድርሻ ይጠይቁበታል። ገበሬው ገመድ የያዘ ባለሥልጣን ሲመጣ «ዛሬ ለክቶ ነገ ይወስደዋል» ብሎ ነው የሚያየው። መንግሥትም ይህን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣው የመሬት ግብር ሕግ በሌላው አገር ግብርን በጋሻ ሲተምን፣ በጎጃም፣ በትግራይና በበጌምድር ግን እንደ ቀድሞው እንዲቀጥል ተወው። እ.ኤ.አ. በ1967 አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ታወጀ፤ በዓመቱ የጎጃም ገበሬዎች አመጹ፣ የመሬት ልኬታው ስጋትም ካነሳሷቸው ነገሮች አንዱ ነበር። «አንዲት ስንዝር መሬት» የሚለውን አባባል ስትሰሙ ይህን አስቡ። ስንዝር ሰው የሚሞትለት መለኪያ ሆኖ ያውቃል።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ከአብዮቱ በፊት የእያንዳንዱ አካባቢ መለኪያ ለየብቻ ነበር፤ ገበሬው ጌታው በሚመቸው መስፈሪያ ግብር ይቀበለኛል ብሎ ያማርር ነበር። ስለዚህ ምሁራኑ መለኪያውን ከሰው አካል አውጥተው ከምድር ለመውሰድ ወሰኑ። ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለ10 ሚሊዮን ተካፍሎ አንዱ እጅ ሜትር ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ1799 ልኩ በፕላቲኒየም ዘንግ ተሠርቶ ፓሪስ ተቀመጠ። ከ1983 ጀምሮ ደግሞ ሜትር ማለት ብርሃን ባዶ ሕዋ ውስጥ በ1/299,792,458 ሴኮንድ የሚሄደው ርቀት ነው። ክንዱ የረዘመ ዘመድ ይዞ መሄድ አይጠቅምም ማለት ነው። ወደ እኛ አገር ሕግ የገባው እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ ነው። ገጠር ብትሄዱ ግን እርሻ ዛሬም በጥማድ ይነገራል።

ወደ ደብተሩ እንመለስ። ሜትር ሲመጣ ለልጆች አንድ ነገር ቀለለ፣ አንድ ነገር ደግሞ ከበደ። የቀለለው፣ ሁሉም በአሥር፣ በመቶ፣ በሺህ መሄዱ ነው። የከበደው፣ ስንዝር እጅ ላይ አለ፤ «ሴንቲ» ግን የት አለ? ልጅቷ ጣቷን ዘርግታ አታየውም። (ለነገሩ ሜትር ማለት እሷ ዘንድ ልብስ ሰፊው አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ቢጫ ጥብጣብ ነው፤ እኛ ትልልቆቹም «ሜትር አቀብለኝ» እንል የለ?)

«አንድ ብር ስንት ሳንቲም ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «መቶ!» ሴንቲና ሳንቲም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም መቶ ከሚለው የላቲን ቃል የመጡ። ብር በ100 ሳንቲም የሆነው እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ነው። ሦስት ብር በሳንቲም ስንት ነው ስላት ሳታመነታ «300» አለች፤ ከዚያ ወደ ደብተሯ ዞራ 0.03ን ራሷ ሰረዘችው። ሳንቲሙ ከኪሳችን ጠፍቶ ለትምህርት መቅረቱ ያሳዝናል፤ የዛሬ አምስት ዓመት ይህ ምሳሌ ይሠራ እንደሆን እንጃ።

ቤቱ ጀርባ አንድ ጎረቤት ቤት እያሠራ ነበርና ወደዚያ ወሰድኳት። ግንባታ ቦታ የመለኪያ ገበያ ነው። ቧንቧው «ግማሽ ኢንች» ነው፣ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። ብሎኬቱ በሴንቲ ሜትር ይጠራል። ፌሮው ደግሞ «ባለ 12» ይባላል፤ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ርዝመቱስ? 12 ሜትር። ያው 12፣ ያው ብረት! ርዝመቱ የውፍረቱ ስንት እጥፍ ነው? እሷ «እኩል ነው» ብላ ጀመረችና ብረቱን አየችው፤ ከዚያ በራሷ ሳቀች። መልሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ «ሚሊ» ሺህ ከሚለው ቃል እንደመጣ ግን ልብ በሉ።

ማታ የቀላዱን ታሪክ ነገርኳት። ክንዱን ግማሽ ሜትር ብለን ገመዱ 66.5 ሜትር እንደሆነ ስነግራት እርሳሷን አነሳች።

«በእኔ ስንዝር ስንት ይሆናል?»

መጀመሪያ ሜትሩን ወደ ሴንቲ ሜትር ቀየረችው፣ 6,650። ከዚያ ለ14 አካፈለች። ብዙ ቆየች፤ አላገዝኳትም። 475 ወጣ፣ ያለ ትራፊ።

«ግን እኮ» አለች ደብተሩን እየዘጋች፣ «ሳድግ ያንሳል።»