ከአራዳ ገበያ እስከ ተቆለፈው ሣጥን

አዲስ አበባ ገና ወጣት ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የተዘረጋው የአራዳ ገበያ የማይሸጥበት ነገር አልነበረም ለማለት ይቻላል። እህሉ፣ ቅቤው፣ ጨውና ሸማው በየመደቡ ሲቀርብ፣ ለሕመም የሚፈለገው ቅጠልና ሥር፣ ፍሬና ቅርፊትም የራሱ ሥፍራ ነበረው። ከመድኃኒቱ ሁሉ ገዥ የሚበዛለት ኮሶ ነበር። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር ኮሶን በየጊዜው መጠጣት ለመኳንንቱም ለሎሌውም እኩል የተለመደ ነበርና። ዝናው ከአገር ወጥቶ በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ እስከ መግባት ደርሶ ነበር።

ይሁን እንጂ ኮሶ የዋህ መድኃኒት አይደለም። ልኩ ሲያልፍ ሆድን ያናውጣል፣ ዓይንን ይጎዳል፣ ነፍስንም ሊያጠፋ ይችላል። በአራዳ ገበያ ግን ኮሶን የሚከለክል አዋጅም ሆነ የሚፈቅድ የሐኪም ማዘዣ አልነበረም። መጠኑን የሚወስነው የሻጩ ልምድና የጠጪው አቅም ነበር። ሕግ ነገሮችን በስም ለይቶ በሠንጠረዥ ከመመደቡ በፊት መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው መጠን ብቻ ነበር። ሠንጠረዥ ከመጣ በኋላም ቢሆን ይህ እውነት አልተሻረም፤ ብዙ ጊዜ ግን ይረሳል።

በጥንቱ ዘመን ክልከላ ፈጽሞ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በብርቱ ቅጣት መከልከላቸው በታሪክ የታወቀ ነው። ከዚያም አስቀድሞ የ14ኛው መቶ ዓመት የአፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት መፎከሩን ይተርካል። በዚያ ዘመን ትንባሆና ጫት የሚፈረጁት በአካልና በአእምሮ ላይ በሚያደርሱት ጉዳት ሳይሆን፣ የየትኛው ወገን ልማድ ናቸው በሚለው መለኪያ ነበር። ክልከላው የሃይማኖትና የወገን ድንበር እንጂ የጤና ሕግ አልነበረም።

አዲሱ መለኪያ የመጣው ከጠርሙሱና ከሚዛኑ ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ጆርጂያዊው ሐኪም ዶክተር ሜራብ በአዲስ አበባ የመድኃኒት መደብር ከፍተው በትውልድ አገራቸው ስም ሰየሙት። በእንዲህ ያለው መደብር መድኃኒቱ በስሙ ተጽፎበት፣ በግራም ተመዝኖ፣ ኃይለኛው ከደካማው ተለይቶ ይቀመጣል። ኦፒየምንና ሞርፊንን የመሰሉ መድኃኒቶች በሥርዓት ተጠብቀው መያዝ እንዳለባቸው የሚያውቅ ሙያ ወደ ከተማይቱ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ዋናው ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሥፍራ እንዲዛወር ተደረገ። አራዳም ፒያሳ የሚለውን ሁለተኛ ስሙን ይዞ ቀረ። ከነጻነት በኋላ ፒያሳ የወርቅ ቤቱ፣ የሲኒማው፣ የኬክ ቤቱና የመድኃኒት ቤቱ መናኸሪያ ሲሆን፣ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚገኘው ደጃች ውቤ ሰፈር በመሸታ ቤቶቹ ስም አወጣ። እንግዲህ ቁጥጥር የማይለየው መድኃኒት ቤትና በቀላል ፈቃድ የሚሠራው መሸታ ቤት በአንድ አካባቢ ጎረቤታሞች ሆኑ። የዘመናዊው የዕፅ ሕግ ታሪክ የእነዚህ የሁለት ጎረቤታሞች ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕጉ የተገነባው ደረጃ በደረጃ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መርዛማና አደንዛዥ ነገሮችን ያለ ፈቃድ መሥራትንና መነገድን ከወንጀል ቈጠረ። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የፋርማሲ ደንብ ቁጥር 288 የመድኃኒት ሙያን በሥርዓት አቆመ። በ1957 ዓ.ም. ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1961 የተፈረመውን የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት፣ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1971ን የሳይኮትሮፒክ ነገሮች ስምምነት ተቀበለች። ሕገ ወጥ ዝውውርን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ1988 ስምምነት በ1987 ዓ.ም. ተከተለ። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 176/1991፣ በኋላም አዋጅ ቁጥር 661/2002 እና 1112/2011 የመድኃኒት አስተዳደሩን በየተራ አደሱት። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 525 መርዛማ፣ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ ነገሮችን በሕገ ወጥ መንገድ በሚያመርት፣ በሚያዘዋውርና በሚጠቀም ላይ ቅጣቱን ደነገገ።

የዓለም አቀፎቹ ስምምነቶች አመዳደብ የተመሠረተው በሁለት ነገሮች ሚዛን ላይ ነው። አንደኛው ነገሩ የሚያደርሰው አደጋና የሚያስከትለው ሱስ፣ ሁለተኛው ለሕክምና የሚሰጠው ጥቅም ነው። ሞርፊን፣ ፔቲዲንና ኮኬይን በ1961ዱ ስምምነት በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ሲሰፍሩ፣ ኮዴይን በሁለተኛው ይገኛል። ሄሮይን ከመጀመሪያው በተጨማሪ እጅግ በሚጠበቀው በአራተኛው ሠንጠረዥም ተመድቧል። ካናቢስም እስከ ኅዳር 2013 ዓ.ም. ድረስ እንደ ሄሮይን በሁለቱም ይገኝ ነበር። በዚያ ወር ከአራተኛው ሠንጠረዥ ቢወጣም ከመጀመሪያው አልተነሣም፤ በኢትዮጵያም ክልክል እንደ ሆነ ነው። በ1971ዱ ስምምነት ደግሞ አምፌታሚን በሁለተኛው፣ ዲያዜፓምና ፌኖባርቢታል በአራተኛው ሠንጠረዥ ተመድበዋል።

እዚህ ላይ በአማርኛ የተለመደው «አደንዛዥ ዕፅ» የሚለው ስያሜ ራሱ ሊያሳስት እንደሚችል ልብ ማለት ይገባል። ሞርፊንና ሄሮይን በእርግጥ ያደነዝዛሉ፤ ሕመምን ያስታግሣሉ፣ ሲበዙም የመተንፈስን ኃይል አዳክመው ይገድላሉ። ዲያዜፓምና ፌኖባርቢታልም አእምሮን ያረጋጋሉ፣ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ከአልኮል ጋር ሲገናኙ ግን ኃይላቸው በአደገኛ ሁኔታ ይበረታል፤ ለረጅም ጊዜ ከተወሰዱ በኋላ በድንገት ቢቋረጡም የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ኮኬይንና አምፌታሚን ግን የሚያደነዝዙ ሳይሆኑ የሚያነቃቁ ናቸው። ልብን ያፈጥናሉ፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎትን ያጠፋሉ። «ዕፅ» የሚለውም ቃል ተክልን የሚያስታውስ በመሆኑ፣ በመድኃኒት ቤት በክኒን መልክ የሚሸጠው ነገር ሱስ የማያስይዝ መስሎ እንዲታይ አድርጓል።

የስያሜውና የሠንጠረዡ ውስብስብነት ከጫት ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ነገር የለም። በጫት ቅጠል ውስጥ የሚገኘው ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ጠባዩ ከአምፌታሚን ጋር ስለሚቀራረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ከሁሉ በሚጠብቀው በመጀመሪያው የሳይኮትሮፒክ ሠንጠረዥ ተመደበ። ቅጠሉ ከተቈረጠ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካቲኖኑ እየተለወጠ፣ ኃይሉ ደከም ያለና በሦስተኛው ሠንጠረዥ የሚገኝ ካቲን የተባለ ነገር ይሆናል። ነጋዴው ጫቱን በኮባ ጠቅልሎ፣ ውሃ እየረጨ፣ በጥድፊያ የሚያጓጉዘው ይህን ኬሚስትሪ በስም ባያውቀውም በልምድ ስለሚያውቀው ነው።

ቅጠሉ ራሱ ግን በየትኛውም ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ አልገባም። የዓለም የጤና ድርጅት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩን መርምረው በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲውል አላሳሰቡም። በአንጻሩ የደቡብ አሜሪካው የኮካ ቅጠል ከኮኬይን ጋር በ1961ዱ ስምምነት በስሙ ተጠቅሷል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ጫትን ስትከለክል፣ በኢትዮጵያ ጫት ቀረጥ የሚከፈልበት፣ የውጭ ምንዛሪ የሚገኝበትና የብዙ ገበሬ ቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነ ሰብል ሆኖ ቀጥሏል። አንድ ሰው በፒያሳ በግልጽ የሚገዛው ቅጠል ለንደን ሲደርስ ወንጀል ይሆናል። ቅጠሉ ግን በሁለቱም ከተሞች ያው ቅጠል ነው፤ በልብና በአእምሮ ላይ የሚሠራው ሥራም አይለወጥም።

የመድኃኒት ባለሙያው ይህን ልዩነት በመስኮቱ ላይ በየቀኑ ያገኘዋል። በምርቃና ያመሸ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ «ጨብሲ» ብሎ ወደ አልኮል ይሄዳል፣ ወይም የእንቅልፍ ክኒን ፍለጋ ወደ መድኃኒት ቤት ይመጣል። በዚህም ነጻው ቅጠል፣ ፈቃድ ያለው መጠጥና በአራተኛው ሠንጠረዥ ያለው ክኒን በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚህም ሌላ ጫት የአምፒሲሊንን፣ በመጠኑም የአሞክሲሲሊንን ወደ ደም መግባት እንደሚቀንስ በጥናት ታውቋል። ስለዚህ «ጫት ይቅማሉ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ከወቀሳ የሚቈጠር ሳይሆን የሙያው ግዴታ ነው።

የፒያሳ ጎዳና ከዚህ የበለጠ መራራ ምሳሌ አሳይቷል። በአካባቢው ያደሩ የጎዳና ልጆች ረኀብንና ብርድን ለመርሳት የሚስቡት ማስቲሽ የጫማ ማጣበቂያ ነው። በማጣበቂያዎች ውስጥ የሚገኘው ቶሉዊን አእምሮን፣ ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ልብን በድንገት ሊያቆምም ይችላል። ቶሉዊን በ1988ቱ ስምምነት በስሙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን ኮኬይን ለማዘጋጀት ስለሚያገለግል እንጂ ሕፃናት ስለሚስቡት አይደለም። ሕጉ ያየው የሩቁን ፋብሪካ ነው፤ በመንገዱ ዳር የተኛውን ልጅ አላየውም። አልኮልና ትንባሆም ከእነዚህ ሠንጠረዦች ውጭ ናቸው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን በመከልከል፣ ለሽያጩም የ21 ዓመት ዕድሜን ወሰን በማድረግ በሌላ በር ሊደርስባቸው ሞክሯል።

ይህ ሁሉ ግን ሠንጠረዡ ከንቱ ነው ወደሚል መደምደሚያ አያደርስም። የሚያሳየው ሠንጠረዥ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶችን ሊወልድ እንደሚችል ነው። አንደኛው ያልተከለከለውን ሁሉ ጉዳት የሌለው አድርጎ ማየት ነው፤ ይህ ስሕተት ጠጪውን፣ ቃሚውንና አጫሹን ያዘናጋል። ሁለተኛው ቁጥጥር የሚደረግበትን ሁሉ እንደ ክፉ ነገር መሸሽ ነው፤ ይህ ደግሞ በሽተኛውን ይበድላል። የ1961ዱ ስምምነት በመግቢያው ናርኮቲክ መድኃኒቶች ሕመምንና ሥቃይን ለማስታገሥ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን ይመሰክራል። በካንሰር የሚሠቃይ ሰው ሞርፊን ቢነፈገው፣ የሚጥል በሽታ ያለበትም ፌኖባርቢታሉ ቢቋረጥበት፣ ይህ ሕግን ማክበር አይባልም።

በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያንና እሪ በከንቱን ጨምሮ የአሮጌው ፒያሳ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማይቱ ዳርቻዎች ተበትኗል። የሰፈሩ ሰው ልማዱንና ሕመሙን ይዞ ሄዷልና፣ በቀድሞው መስኮት ይጠየቅ የነበረው ጥያቄ ዛሬ በሌላ መስኮት ይጠየቃል። በዚያም የተቆለፈ ሣጥንና የመዝገብ ደብተር አለ። ቁልፉ ሕገ ወጡን ሊያግድ፣ ደብተሩም እያንዳንዱን አምፑል ሊቈጥር ይችላል። ስለ መጠኑ፣ ስለ ጫቱና ስለ መጠጡ ለበሽተኛው የሚነገረው ቃል ግን በሣጥኑም በደብተሩም አይገኝም። ቀድሞ በአራዳ የኮሶ ሻጩ ድርሻ የነበረው ያ ቃል ዛሬ የመድኃኒት ባለሙያው አደራ ነው።