ከቀደሙን ሯጮችና ከቀደሙን አማኞች ድፍረትን መማር

በአየር ጤና ማልዶ የሚነሣ ሰው ያያቸዋል። ገና ጎህ ሳይቀድ፣ የታክሲ ረዳቶች «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ማለት ሳይጀምሩ፣ በጅማ መንገድ ዳር ሁለት ሦስት ሆነው የሚሮጡ ወጣቶች አሉ። ከእነርሱ አንዱ የቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ኅብረት አባል ነው። ክለብ ለመግባት በተደረገ ማጣሪያ ላይ የተረከዙ ጅማት ታሞበት አቋርጦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምዱንም ኅብረቱንም ተወ። ልጠይቀው ቤቱ ሄጄ ስለ አበበ ቢቂላ፣ በደርግ ዘመንም ስለ ወንጌል ስለ ታሰሩት ወገኖች አነሣሁለት። «ጋሼ፣ እነሱ እኮ ሌላ ዓይነት ሰዎች ነበሩ» አለኝ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ልመልስለት ያልቻልኩትን የያዘ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አበበ ከሮም በኋላ

ስለ አበበ የሚሰጡ ስብከቶች አብዛኛውን ጊዜ ሮም ላይ ተጀምረው ቶኪዮ ላይ ያልቃሉ። ታሪኩ ይታወቃል። መስከረም 10 ቀን 1960 የክብር ዘበኛው ወታደር በባዶ እግሩ ሮጦ፣ ከአክሱም ተወስዶ ሮም ላይ በቆመው ሐውልት አጠገብ አልፎ፣ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። በ1964 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ቶኪዮ ላይ ደገመው። በነገራችን ላይ በሮሙ ውድድር ሌላም አበበ ነበረን፤ አበበ ዋቅጅራ። ሰባተኛ ወጣ። ስሙን የሚያነሣ ግን ብዙ የለም።

ለወንድማችን የሚጠቅመው የአበበ ታሪክ ግን ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ አበበ በእግሩ ሕመም ምክንያት ግማሽ መንገድ እንኳ ሳይደርስ አቋርጦ ወጣ። አዎን፣ አበበ ቢቂላ አቋርጦ ወጥቷል! በዚያ ቀን ሩጫውን ፈጽሞ ወርቁን ያመጣው የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ ነበር። በ1969 አበበ በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። በዚያም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረና በ1970 በአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። ያረፈው በ1973 ሲሆን ዕድሜው 41 ነበር። እግር የዓለምን ሻምፒዮን ሲከዳው ምን ይደረጋል ለሚል ሰው መልሱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፣ ሮም ላይ አይደለም።

ምሩጽ ይፍጠርን ደግሞ እንመልከት። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አገኘ፤ በ5,000 ሜትር ግን ማጣሪያው ስላለፈው ሳይሮጥ ቀረ። በ1976 የአፍሪካ አገሮች ኒውዚላንድ ከአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ጋር ባደረገችው የራግቢ ግንኙነት ምክንያት ከሞንትሪያል ቀሩ፤ ምሩጽም ቀረ። ከሙኒክ እስከ ሞስኮ ስምንት ዓመት ነው። ለሯጭ ስምንት ዓመት ዕድሜ ልክ ማለት ነው። በ1980 ሁለቱንም ርቀት አሸነፈ። ያን ድል አርሲ ውስጥ በሬዲዮ የሰማ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ።

ኃይሌም በተራው በ2004 አቴንስ ላይ በተረከዝ ጅማት ሕመም እየተሠቃየ ሮጠ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ሆነው መለስ ብለው እያዩ ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተናል። ኃይሌን እየጠበቁ ነበር። ሊደርስባቸው አልቻለም፣ አምስተኛ ሆነ፤ እነርሱ ወርቁንና ብሩን ይዘው ተመለሱ። ወጣቶቹ ወደ ኋላ ያዩት ከእርሱ የተቀበሉትን ስለሚያውቁ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። አንዳንድ ወገኖች ያሸነፈን አትሌት ሁሉ የእኛ ቤተ እምነት አባል አድርገው ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ይህ አግባብ አይደለም። ከአትሌቶቻችን ብዙዎቹ የኦርቶዶክስ አማኞች ናቸው፤ ሙስሊሞችም አሉ። ስለ እምነታቸው ራሳቸው የተናገሩትን መቀበል ይበቃል፤ ለምሳሌ አልማዝ አያና በ2016 ሪዮ ላይ የ10,000 ሜትሩን ክብረ ወሰን በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሰብራ በአበረታች መድኃኒት ጉዳይ ስትጠየቅ በጋዜጠኞች ፊት የኢየሱስን ስም ጠርታለች። የቀደሙትንም ነውር የሌለባቸው አድርገን መሳል የለብንም። ማሞ ወልዴ በቀይ ሽብር ዘመን ግድያ ተከሶ ለዓመታት ታስሯል፤ እርሱ አልገደልኩም ቢልም ጥፋተኛ ተብሏል፣ በ2002 ተፈትቶ በዚያው ዓመት ዐርፏል። በዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 ከእምነት ሰዎች ጋር ሳምሶንና ዮፍታሔም ተቆጥረዋል። ሕይወታቸውን በመጽሐፈ መሳፍንት ያነበበ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

እንደ ደመና የከበቡን

የዕብራውያን ጸሐፊ ከዚያ ዝርዝር በኋላ ወዲያው የሚናገረው ስለ ሩጫ ነው (ዕብ. 12፥1-3)። አንባቢዎቹ ወደ ኋላ ለማፈግፈግ የተቃረቡ አማኞች ነበሩ (ዕብ. 10፥32-39)። ቀደምት ምስክሮች እንደ ደመና ከብበዋችኋልና ሸክማችሁን ጥላችሁ ሩጡ ይላቸዋል። ምስክር የሚለው የግሪኩ ቃል ማርቱስ ነው፤ በግእዝ ሰማዕት የምንለው ነው፤ ሥሩም «ሰምዐ» ነው። ሰማዕት ማለት እንግዲህ አስቀድሞ የሰማና የሰማውን የመሰከረ ሰው ነው። መሞቱ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

በአገራችን እነዚህ ምስክሮች ሩቅ አይደሉም። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ በ1937 የኤስ.አይ.ኤም. ሚሲዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ 48 የተጠመቁ አማኞች ብቻ ነበሩ። ወጣት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉውን በቋንቋዋ አልነበራትም፤ መሪዎቿ ተገረፉ፣ ታሰሩ። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ ምእመን ነው።

ቄስ ጉዲና ቱምሳን እናስብ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከእስር ሲለቀቁ ከአገር የመውጣት ዕድል ተሰጥቷቸው ነበር፤ መንጋዬን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። ሐምሌ 28 ቀን 1979 አዲስ አበባ ውስጥ ካገለገሉበት ከኡራኤል መካነ ኢየሱስ ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አፅማቸው የተገኘው በ1992፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ከባድ ሥቃይ ደርሶባቸው ለአሥር ዓመት ገደማ ታስረዋል። የእርሳቸው ስም ከባላቸው ስም ያነሰ መነሣቱ ያሳዝነኛል። አንድ ሌሊት መሞትና አሥር ዓመት በእስር ቤት መንጋቱን መጠበቅ የተለያየ ድፍረት ይጠይቃል፤ ለእኛ ዘመን የሚቀርበው ሁለተኛው ይመስለኛል።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1982 ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿ ከአራት ዓመት በላይ ታሰሩ። ምእመናኑ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው መሰብሰብ ጀመሩ። ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት፤ ደርግ በ1991 ሲወድቅ 34,000 ያህል ሆነው ተገኙ። ያን ቁጥር የሠሩት ስማቸው በየትም ያልተጻፈ፣ ቤታቸውን የከፈቱ ሰዎች ናቸው።

ከእነዚህ አንዷ እኛው ሠፈር አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እንድጽፍም አይፈልጉም። ወንድማችንን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይዤው ሄድኩ። እማማ ቡና እያፈሉ በዚያ ዘመን ሰው ቡና የተጠራ አስመስለው እንዴት ይጸልዩ እንደነበር አጫወቱት። መዝሙሩን በሹክሹክታ ይዘምሩት ነበር። «አይፈሩም ነበር እማማ?» አላቸው።

«ምን ማለትህ ነው ልጄ! በር በተንኳኳ ቁጥር ጉልበቴ ይከዳኝ ነበር» አሉት። «ግን ማን ይክፈት? ቤቱ የእኔ ነው። ተነሥቼ እከፍታለሁ።»

እርሱም ዝም ብሎ እግሩን ይመለከት ጀመር። የዕብራውያን ጸሐፊ እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ ስለ ሩጫው ከተናገረ በኋላ፣ ስለላሉ ጉልበቶችና ስለሚያነክሰው እግር ይናገራል፤ ይፈወስ ዘንድ እንጂ እንዳይናጋ መንገዱን አቅኑለት ይላል (ዕብ. 12፥12-13)። በማግሥቱ እሑድ ወንድማችን ኅብረት መጣ። ልምምዱን በተመለከተ ሐኪሙ ለጊዜው እንዲያርፍ ነግሮታል፤ እስከዚያ ድረስ ማለዳ እየተነሣ የጓደኞቹን ሰዓት ይይዝላቸዋል።