ለድግስ የሚጠመቅ ቀላል ጠላ፦ ከታሪክና ከጤና አኳያ

ጠላ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ በየቤቱ እየተጠመቀ የኖረ መጠጥ ነው። በትግርኛ ስዋ፣ በኦሮምኛ ፋርሶ ይባላል። ሰርግ፣ ተዝካር፣ ማኅበርና ደቦ ያለ እርሱ እምብዛም አይታሰቡም። ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ተደርጎ ይቆጠር በነበረበት ዘመን የገበሬውንና የተራውን ወታደር ጥም የሚቆርጠው ጠላ ነበር። ይህን መጠጥ ለብዙ ሰው ማዘጋጀት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ለድግስ የሚጠመቀው ጠላ እንግዳው ደጋግሞ ቢጠጣው የማይከብድ፣ በደቦ የተሰለፈውን ሰው ከሥራው የማያስተጓጉል፣ እህሉንም የሚቆጥብ መሆን ይኖርበታል። ባለሙያ እናቶች ይህን ጥያቄ የመለሱበት መንገድ ለጤና ባለሙያው ትምህርትም ማስጠንቀቂያም ያዘለ ነው።

ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የአገሬውን ተራ መጠጥ አሠራር ገልጿል። በእርሱ ገለጻ መሠረት ከጤፍ የተጋገረ ቂጣ በደንብ ከተጠበሰ በኋላ ተቆራርሶ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ ይጨመራል፤ ሙቅ ውኃ ይፈስበታል፤ አፉ ተከድኖ በእሳት አጠገብ ለጥቂት ቀናት እየተማሰለ ይቆያል፤ ከዚያም ሲረጋ ኮምጠጥ ያለ መጠጥ ይሆናል። የዛሬው ጠላ አሠራር ከዚህ ገለጻ ጋር በብዙ ይመሳሰላል።

በተለመደው አሠራር ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውኃ ተበጥብጦ ይጠነሰሳል። ጥንስሱ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቂጣና ተጨማሪ ብቅል፣ ቀጥሎም በምጣድ የታመሰ እንኩሮ ይጨመርበትና ድፍድፍ ይሆናል። በመጨረሻ ጋኑ በውኃ ተሞልቶ አፉ ይመረግና እስኪጠል ይጠበቃል። ከዚህ ሂደት በስተጀርባ ያለው ሳይንስ የታወቀ ነው። በብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣሉ፤ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ይቀይራል፤ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ደግሞ መጠጡን አኮምጥጠው ፒ ኤቹን ከ5 በታች ያወርዱታል። መራራውን ጣዕም የሚሰጠው ጌሾ ነው።

ጠላው ቀላል ወይም ከባድ የሚሆነው በዋነኛነት በእህሉና በውኃው መጠን ነው። ድፍድፉ ብዙ ውኃ ሲጨመርበት መጠጡ ይቀጥናል። ዋናው ጠላ ተቀድቶ ካለቀ በኋላም በአተላው ላይ እንደገና ውኃ ተጨምሮ ቅራሪ ይወጣል። ቅራሪ ለሠራተኛ፣ ለቤተሰብ፣ አንዳንዴም ለልጆች ሲሰጥ የኖረ ቀጭን ጠላ ነው። እንግሊዞችም ከአንድ ብቅል መጀመሪያ ጠንካራውን፣ ከዚያ ውኃ እየጨመሩ «ትንሽ ቢራ» የሚሉትን ደካማ መጠጥ ያወጡ ነበር። ይህንንም አገልጋዮችና ልጆች ጭምር ይጠጡት ነበር። ተራርቀው የሚኖሩ ሁለት ሕዝቦች ለአንድ ችግር አንድ ዓይነት መፍትሔ አግኝተዋል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ቀላል መጠጥ ከውኃ ይልቅ ለጤና የተሻለ ነው የሚለው እምነት በብዙ አገር የቆየ ነው። ለዚህ እምነት ማስረጃ ሆኖ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በለንደን ብሮድ ስትሪት በ1854 እ.ኤ.አ. የደረሰው የኮሌራ ወረርሽኝ ነው። በዚያ ሠፈር ከ600 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ከውኃው መቅጃ አጠገብ በነበረው የቢራ ፋብሪካ ይሠሩ ከነበሩት ከ70 በላይ ሠራተኞች የታመሙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሕመማቸውም ጽኑ አልነበረም። ሐኪሙ ጆን ስኖው ምክንያቱን ሲመረምር ሠራተኞቹ በየቀኑ ቢራ እንደሚሰጣቸውና ከመንገዱ ጉድጓድ ውኃ እንደማይቀዱ ከባለቤቱ ተረዳ። ፋብሪካው የራሱ ጥልቅ ጉድጓድና የቧንቧ ውኃም ነበረው።

ይህ ታሪክ በጥንቃቄ ካልተነበበ ወደ ተሳሳተ መደምደሚያ ይመራል። ሠራተኞቹን ያዳናቸው አልኮሉ ሳይሆን የተበከለውን ውኃ አለመጠጣታቸው ነው። በተጨማሪም የእንግሊዝ ቢራ በሚጠመቅበት ጊዜ የብቅሉ ውኃ ከሆፕ ጋር ይፈላ ነበር። የጠላ አሠራር ግን ከዚህ ይለያል። ቂጣውና እንኩሮው እሳት ያያቸዋል እንጂ ውኃው አብዛኛውን ጊዜ ሳይፈላ ይጨመራል። በተለይ ለድግስ ጠላ ሲቀጥን የመጨረሻው ውኃ የሚገባው መፍላቱ ሊያልቅ ሲል ወይም ካለቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚገባ ባክቴሪያ የሚያገኘው አልኮሉም አሲዱም የተቀነሰበትን መጠጥ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ አሲድን እምብዛም አይቋቋምም፤ ሺጌላ ግን አሲድን ከመቋቋሙም በላይ ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ባክቴሪያዎች ብቻ ሰውን ለማሳመም ይበቃሉ። ስለዚህ ለመቶ እንግዳ የቀረበ አንድ ጋን ቅራሪ ለመቶ ሰው በአንድ ጊዜ በሽታ ሊያደርስ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የአልኮሉ መጠን ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የባህላዊ መጠጦችን የአልኮል መጠን የዳሰሰ ጥናት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ከወጣ ጀምሮ ልዩ ልዩ ጥናቶች ተካሂደዋል። የጠላ አልኮል ከቤት ወደ ቤት ቢለያይም በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 በመቶ ይደርሳል። 4 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ጠላ 16 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ይይዛል። 2 በመቶ ያለው ቅራሪ 8 ግራም ያህል ቢይዝም ቀላል ነው ተብሎ ሦስቴ ከተቀዳ 24 ግራም ይሆናል። ጠጪው ቅራሪ ነው ብሎ ቢንቀውም ጉበቱ የሚቆጥረው ግራሙን ነው። የአልኮል መጠጥ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበው በ1988 እ.ኤ.አ. ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና አስተማማኝ የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ገልጿል። በኢትዮጵያ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ተከልክሏል። በቤት ውስጥ ለልጅ የሚቀዳውን ቅራሪ ግን የሚያስቀረው የቤተሰቡ ዕውቀት እንጂ ተቆጣጣሪ አይደለም።

የጤና ባለሙያው ይህን ታሪክ ማወቁ ምክሩን ተሰሚ ያደርግለታል። ጠላን በጅምላ የሚያወግዝ ትምህርት በድግስ ቤት ደጃፍ ይቀራል፤ የጠማቂዋን ሙያ አክብሮ የሚነገር ምክር ግን ጓዳ ድረስ ይገባል። ምክሩም አጭር ነው። ሻጋታ ያየው እህልና ብቅል ወደ ጋን አይግባ። ጠላውን ለማቅጠን የሚጨመረው ውኃ ፈልቶ በተከደነ ንጹሕ ዕቃ የቀዘቀዘ ይሁን። መቅጃው በእጅ የሚነከር አይሁን፤ አንድ ዋንጫም ሳይታጠብ ከእንግዳ ወደ እንግዳ አይዙር። ተቅማጥ ያለበት ሰው ከመጥመቅም ከመቅዳትም ይታቀብ። ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ቅራሪ ሳይሆን ንጹሕ ውኃ ወይም ያልፈላ ብርዝ ይቅረብ። ብርዙም የሚበጠበጠው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይሁን፤ ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ያለበት መጠጥ አይሰጥ። ድግስ የሚሰምረው እንግዳው ጠግቦና ረክቶ ሲሄድ ብቻ ሳይሆን በማግሥቱም በጤና ሲነሣ ነውና።