የዓለም አቀፍ ኅብረተሰብ ጤና አማካሪ

የዓለም አቀፍ ኅብረተሰብ ጤና አማካሪ፦ በመንግሥታት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍ ወይም በግብረ ሰናይ ድርጅቶች ጥያቄ፣ ለተወሰነ ጊዜ በሚፈረም ውል ሙያዊ ድጋፍ የሚሰጥ ባለሙያ። ተግባሩ በቢጋር ይወሰናል፤ የበሽታ ቅኝት ማደራጀትን፣ የክትባት ዘመቻ ማቀድን፣ ፕሮግራም መገምገምንና ባለሙያ ማሠልጠንን ሊያካትት ይችላል። አማካሪው ሐሳብ ያቀርባል፤ ውሳኔው የአገሩ የጤና ባለሥልጣናት ነው።

በኢትዮጵያ፦ የውጭና የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ቅንጅት ጎልቶ የታየው በፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ ነው። ዘመቻው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲጀመር በዚያው ዓመት ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ብራዚላዊው ኤፒዴሚዮሎጂስት ሲሮ ዴ ኳድሮስ በዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያነት የመስክ ሥራውን ከመሩት አንዱ ነበር። ስልቱ ሕዝቡን በሙሉ ከመከተብ ይልቅ ሕመምተኛውን ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን ፈጥኖ መከተብ ነበር። መንገድ በሌለበት አገር በእግርና በበቅሎ እየተጓዙ መንደር ለመንደር ያሰሱት በአብዛኛው ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ናቸው፤ ቋንቋውንና ባህሉን የሚያውቁት እነርሱ ነበሩና ያለ እነርሱ ዘመቻው አይሳካም ነበር። የአገሪቱ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 በባሌ ተገኘ።

ዴ ኳድሮስ ኋላ በአሜሪካ አህጉር የፖሊዮ ማጥፋት ዘመቻን መርቷል፤ አህጉሩም እ.ኤ.አ. በ1994 ከበሽታው ነጻ መሆኑ ተረጋገጠ።

የአማካሪ ውጤት የሚለካው በሚያስረክበው ሪፖርት ሳይሆን፣ ውሉ ካበቃ በኋላ የአገሩ ባለሙያዎች ሥራውን በራሳቸው መቀጠል በመቻላቸው ነው።