ጧሪ ቀባሪ የሌለው ሰው ቤት

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ አጋርፋ የወጣን ጓደኛሞች፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ሥር የሚኖሩ መነኩሲትን ልንጠይቅ የገብስ ቆሎና ስኳር ይዘን ሄደን ነበር። ባላቸውን ቀብረው፣ ልጆቻቸው ርቀውባቸው፣ ቆብ ደፍተው የገቡባት ጎጆ የጭቃ ምርጊት ናት። መስኮት የላትም፤ ጭሱ የሚወጣው በክዳኑ ሣር ውስጥ ነው፤ በሩ ደግሞ ጆንያ ነው። «እማሆይ፣ ምን ይጎድልብዎታል?» ብንላቸው፣ «እንጀራውስ ከሰው እጅ አይጠፋም ልጆቼ፤ የቸገረኝ የሚዘጋ በር ነው» አሉን።

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ጆንያ ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ጧሪ ቀባሪ የሌለው ሰው በየዘመኑ የት አደረ? ማንስ ቤት ሠራለት?

መጀመሪያ ወደ ባሕር ማዶ እንመልከት። በእንግሊዝ አገር «የነዳያን ቤት» ልንለው የምንችለው ሕንጻ ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ታሪክ አለው። በዊንቸስተር ያለውን የቅዱስ መስቀል ቤት ጳጳሱ ሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1130ዎቹ ለ13 ድሆች መሠረተው። በቀደመው ዘመን እንዲህ ያለው ቤት አንድ ሰፊ አዳራሽ ነበር፤ አልጋዎቹ ግራና ቀኝ፣ ጸሎት ቤቱ በስተመጨረሻ። በቺቸስተር የሚገኘው የቅድስት ማርያም አዳራሽ ይህንኑ ቅርጽ እስከ ዛሬ ይዞ ቆይቷል። እየቆየ ግን አዳራሹ ተከፋፈለ፤ ለእያንዳንዱ ተጧሪ የራሱ ክፍል፣ የራሱ ምድጃ ተሠራለት። ሰውየው አልጋ ከማግኘት በር ወደ ማግኘት ተሸጋገረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1437 የሰፎክ ባላባት ዊልያም ደ ላ ፖልና ሚስቱ አሊስ (የባለቅኔው የጄፍሪ ቾሰር የልጅ ልጅ ናት) በዩዌልም መንደር ለ13 ድሆች ቤት ሠሩ። በጡብ የታነጸ፣ ትንሽ ግቢ በመሀል፣ ዙሪያውን ጣሪያ ያለው መተላለፊያ፣ በየክፍሉ በር። ለመተዳደሪያውም የሦስት ርስቶች ገቢ ተመደበለት። ዛሬም ሰው ይኖርበታል።

ታዲያ ባላባቱ ይህን ያደረገው ለምንድን ነው? ተጧሪዎቹ በየቀኑ ለመሥራቾቹ ነፍስ መጸለይ ግዴታቸው ነበር። ነገሩን በእኛ ቋንቋ ብንፈታው ተዝካር ነው! የእኛ ሰው ለሟቹ ነፍስ በአርባው ቀን ድግስ ደግሶ ነዳያንን ያበላል፤ ቀኑ ሲያልፍ ነዳዩ ወደ ደጀ ሰላሙ ይመለሳል። የእንግሊዙ ጌታ ግን ተዝካሩን በጡብ ገነባው። ጽድቁ ንጹሕ ነበር ማለታችን አይደለም። ይኸው ዊልያም በብዝበዛና በክህደት ተከሶ፣ አገር ለቆ ሲሄድ በ1450 ባሕር ላይ አንገቱን ተቀላ። ለተጧሪዎቹም በሩ በነጻ አልተገኘም፤ የዊንቸስተሮቹ እስከ ዛሬ የመስቀል ምልክት ያለበት ጥቁር ካባ ይለብሳሉ። ደንቡን ያፈረሰ ከቤቱ ይባረር ነበር። በእኛ ደጀ ሰላም ግን «አንተ ማነህ? ጠባይህስ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይህ ልማድ የቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። እዚሁ ባሌ ውስጥ ድሬ ሼህ ሁሴን አለ። የሐረሩ አሚር አብዱ ሸኩር በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እንዳሠሩት የሚነገርለት ነጭ ጉልላት ያለው መቃብር ከአርሲ፣ ከሐረርጌና ከሩቅ አገር ተሳላሚ ይስባል። ባላ በትራቸውን ይዘው በእግራቸው የሚመጡት ገሪባዎች በመንገዳቸው ላይ ባለው ሕዝብ እጅ ይበላሉ፤ በየሰው ቤት ያድራሉ። ደሀ መሆን እዚያ ነውር አይደለም። ሆኖም ይህም የመንገደኛ ማደሪያ ነው፤ ለዕድሜ ልክ የሚሆን በር አይደለም።

ለምን አልሠራንም? ድንጋይና ጥበብ አልጠፋም፤ ላሊበላና ጎንደር ምስክር ናቸው። እንደሚመስለን ምክንያቱ መሬት ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መሬት በዋናው ለካህናቱና ለአገልግሎቱ የተመደበ እንጂ በነዳያን ስም የተቆረጠ አልነበረም። ነዳዩ የሚኖረው ከትርፉ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ገባሩ ነጻ ወጣ፤ እሰየው! ግን ለአጸዱ ጎጆ ያን ጊዜም የተቆረጠለት ነገር የለም። እንደ በፊቱ በሰንበቴ፣ በማኅበርና በጎረቤት እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ዋናው ቤት ግን ልጅ ነበር። «ጡረታ» የሚለው ቃል የቢሮ ከመሆኑ በፊት መጦር ማለት ነው፤ የሚጦረውም ልጅ ነው። እኛስ? ትምህርት ጨርሰን አጋርፋ የምንመለስ ስንቶቻችን ነን? በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ መቄዶንያ ሲቋቋም ከየመንገዱ የተነሱት አረጋውያን ብዛት መልሱን በከፊል ይነግረናል። የእማሆይን ጆንያ የሰቀልነው እኛው፣ ርቀን የሄድነው ልጆች ነን ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ነገር እናድርግ። በየአጥቢያችን ያሉትን የአጸድ ጎጆዎች ሳይፈርሱ እንለካ፣ እንሳል፣ የነዋሪዎቹን ታሪክ እንጻፍ፤ ይህ የእኛ የታሪክ ተማሪዎች ሥራ ነው። ሁለተኛው ታሪክ መማር አያሻውም፤ አራት ሳንቃ፣ ሁለት ማጠፊያና አንድ ቁልፍ ብቻ ነው። ለሚመጣው ክረምት መዋጮ ጀምረናል።