የጀልዴሳ መንገድና የጾም እራት

ጀልዴሳ ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከዘይላ ወደ ሐረር በሚያወጣው የሲራራ ንግድ መንገድ ላይ የነበረች መናኸሪያ ናት። ከበረሃው የመጣ ግመል ጭነቱን እዚህ ያራግፍ ነበር፤ ዳገቱን የሚወጣው በቅሎና አህያ ነበር። የቆላው ሰው ማዕድ በማሽላና በግመል ወተት የቆመ ነበር።

ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙ የጀልዴሳ ኬላም በእሳቸው ሹሞች እጅ ገባ። ከሸዋ የዘመተው ክርስቲያን ጦር ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55 ቀን፣ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚታቀብ ነበር። የጾም እራት ዋናው ሽሮ ነው፤ ሽንብራ፣ አተር ወይም ባቄላ ታምሶና ተከክቶ ከቅመም ጋር ይፈጫል። ዱቄቱ ሳይበላሽ ስለሚቆይና ቶሎ ስለሚበስል ለስንቅ ይመቻል። ጤፍና ማሽላ የሚያንሳቸውን ላይሲን የተባለ የፕሮቲን አካል ጥራጥሬው ይሞላዋል፤ አሰሩም ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳል። ቅቤን የሚተካው የኑግ ዘይት ደግሞ ለልብ የተሻለ ስብ አለው። ይህን ሁሉ ከሳይንሱ በፊት በልምድ አጣጥመው ያቆዩት የማጀት ሴቶች ናቸው፤ ታላቅ ምስጋና ይገባቸዋል።

በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ ድሬዳዋ ሲደርስ ሲራራው ጀልዴሳን እየተወ ሄደ፤ ንግዱም ወደ አዲሲቱ ከተማ ዞረ።