ብላክ ሳባዝ፦ የተቆረጡት ጣቶችና የከባዱ ድምፅ መነሻ

ዱም ሜታል የሚባለው ዝግ ያለና ከባድ የሮክ ስልት መነሻው የእንግሊዟ የኢንዱስትሪ ከተማ በርሚንግሃም ናት። በ1968 እ.ኤ.አ. ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ፣ ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን፣ ቤዝ ተጫዋቹ ጊዘር በትለርና ድራመሩ ቢል ዋርድ በአስተን ሰፈር ብሉዝ የሚጫወት ባንድ አቋቋሙ። ቀድሞ "ኧርዝ" ይባሉ ነበር፤ በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ ባንድ ስለነበር ቦሪስ ካርሎፍ ከተወነበት አስፈሪ ፊልም "ብላክ ሳባዝ" የሚለውን ስም ወሰዱ።

ስለ ባንዱ ሲነሳ አብዝቶ የሚተረከው የአዮሚ አደጋ ነው። በ1965 የ17 ዓመቱ ወጣት በብረታ ብረት ፋብሪካ የመጨረሻ የሥራ ቀኑ ላይ ሳለ ማሽን የቀኝ እጁን የመሃልና የቀለበት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። አዮሚ ግራኝ በመሆኑ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚሁ እጁ ነበር። ተስፋ በቆረጠበት ሰዓት አለቃው የጃንጎ ሬይንሃርትን ሸክላ አመጣለት፤ ሬይንሃርት በቃጠሎ ሁለት ጣቶቹ ተጎድተውም የጃዝ ጊታር ጌታ የሆነ ሰው ነው። አዮሚም የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቆዳ ለበጠበት፣ በጊታሩም ላይ ቀጫጭን የባንጆ ክሮች ወጠረ።

ብዙዎች ከዚህ ተነስተው "የተጎዱት ጣቶቹ እንዳያሙት ክሩን አላላ፤ ከባዱ ድምፅ የተወለደው ከዚያ ነው" ይላሉ። አልበሞቹ ግን ሌላ ይመሰክራሉ። በአንድ ቀን ተቀርጾ የካቲት 1970 የወጣው የመጀመሪያው አልበምም ሆነ በዚያው ዓመት በብሪታንያ አንደኛ የወጣው "ፓራኖይድ" የተሠሩት በተለመደው የጊታር ቅኝት ነው። በባንዱ ስም የተሰየመው የመክፈቻ ዘፈን የሚያስፈራው በአዝጋሚ ምቱና ጆሮን በሚቆረቁሩት፣ ትራይቶን በሚባለው ርቀት በተቀመጡት ድምፆቹ ነው። አዮሚ ቅኝቱን በሦስት ግማሽ ድምፅ ያወረደው በ1971ቱ "ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ" ውስጥ፣ "ኢንቱ ዘ ቮይድን" በመሳሰሉ ዘፈኖች ነው። የላላው ክር ለጣቶቹ እንደተመቸው አያጠራጥርም፤ ሆኖም ክብደቱ አስቀድሞ በዜማው ውስጥ ነበር። ያንን ድምፅ ለአደጋ ብቻ መስጠት የአራቱን ወጣቶች የፈጠራ ድካም መንሳት ነው።

የቀጣዮቹ ዓመታት ታሪክ አደንዛዥ ዕፅ፣ ጠብና የአባላት መፈራረቅ የበዛበት ነው። ኦዝቦርን በ1979 ተባረረ፤ በቦታው የገባው ሮኒ ጄምስ ዲዮ በ1980 "ሄቨን ኤንድ ሄል" በተሰኘው አልበም ባንዱን አነቃው። የመጀመሪያዎቹን አልበሞች ዝግታ አጥብቀው የያዙት ግን ሌሎች ነበሩ። የአሜሪካው ሴንት ቫይተስ ስሙን ከሳባዝ ዘፈን ወሰደ፤ የስዊድኑ ካንድልማስ ደግሞ በ1986 ባወጣው "ኤፒከስ ዱሚከስ ሜታሊከስ" አልበሙ ስልቱ ዱም ሜታል የሚለውን መጠሪያ እንዲይዝ አገዘ።

ሐምሌ 5 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አራቱ መሥራቾች ባደጉበት አስተን በሚገኘው ቪላ ፓርክ ስታዲየም ከ20 ዓመት በኋላ አብረው ተጫወቱ። በፓርኪንሰን ሕመም የተዳከመው ኦዝቦርን ተቀምጦ ዘፈነ፤ ከ17 ቀን በኋላም በ76 ዓመቱ አረፈ።